በሹክሹክታ የተሠራ ድምፅ

ከጡብ አትበልጥም፣ ከእግሬ ሥር ስትቀመጥ፤
መቶ አምፕሊፋየር ውጣ፣ ሆዷ እንኳ አይነፋ፣ አይገለበጥ።
የሚያጉረመርም አለ፣ የሚያለቅስ አለ፣
ሁሉም ቁጥር ሆኖ ሆዷ ውስጥ ታደለ።
ግን ቁጥር አይሰማም።
አየር የሚገፋ አንዳች አፍ ይሻል፤
ቅዳሜ ላይፕሲግ ላይ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሰው ይጠብቀናል፤
እኔ ግን በየትኛው አፍ እንደምናገር ገና አላወቅሁም።

ኡቨ፣ የድምፅ ሰው፣ ጢሙን እያሸ፣
«ገመዱን ብቻ ስጠኝ» ይላል፣ «ጣጣ አታብዛ፣ መሸ!
ከሳጥንህ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አዳራሹ፣
ላንተ ጆሮህ ውስጥ ይበቃሃል ትንሹ።»
ሞከርኩት። ንጹሕ ነው። ከልክ በላይ ንጹሕ፤
ከመስታወት ኋላ ሌላ ሰው ሲጫወት የማይ መሰለኝ።
ሄንሪከ ከከበሮዋ ሥር «የታለህ?» አለችኝ፣
«ነፋስህ ቅልጥሜን ካልመታው፣ የለህም በለኝ።»

ስለዚህ በባቡር ሃለ ሄድኩ፤
አቶ ሎታር የድሮ ሳጥኑን ለሳምንት ሊያከራየኝ፣
ባለ አራት ድምፅ ማጉያ፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ፣
የየመድረኩ ቢራ ጨርቁ ላይ የሰመጠ።
ሠላሳ ስምንት ኪሎ። አራተኛ ፎቅ። አሳንሰር የለም።
በየመታጠፊያው ቆሜ ትንፋሼን ስለቅም፣
ዮስት አንዱን ጥግ ይዞ በሆላንድኛ ሲራገም።
መለማመጃው ስንወስደው፣ አቤት!
ሱሪዬ ተርገበገበ፣ ሄንሪከ ሳቀች፤
ግን አንዲት ነገር ታፍና ቀረች፤
ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ
እንደሚያወራ ሰው፣ ድምፄ መጣ ታፍኖ፣ ተሸብቦ።

ለካስ በትንሿ ውስጥ የትልቁ ፎቶ አለ፤
የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ክፍል፣ ማይክ ደቅኖ የሳለ፤
እኔ የሳጥኑን ሥዕል
እውነተኛው ሳጥን ውስጥ አስተኝቼዋለሁ፣ አስከሬን ይመስል።
ሥዕሉን አጠፋሁ።
መልካም ሆነ። አልዋሽም፣ መልካም ሆነ፤
ግን መቶ አፍ ይዤ ሳለሁ፣ አፌ አንድ ብቻ ሆነ።

ሦስተኛው ሽብልቅ ነው፣ ወለል ላይ ተጋድሞ ሽቅብ የሚያይ፣
የራሱ ቀለም የሌለው፣ የሰጡትን የሚል፣ እንደ ኩሬ ላይ ሰማይ።
ሻጩ «ሐቀኛ ነው» ብሎኝ ነበር።
ከፍ ሳደርገው መጋዝ ሆነ፣ የተሰበረ ሳህን፤
ዮስት ጆሮውን ይዞ፣ «ይኼ ደግሞ ምንድን?»
ሰደብኩት። ልመልሰው ደረሰኝ ፈለግሁ።

ሌሊት አልጋዬ ጫፍ ላይ ነው የገባኝ።
ይህን ድምፅ የት ሠራሁት?
እዚሁ። በማዳመጫ። ሰው ከተኛ ወዲያ፣
ወይዘሮ ጌርሊንደ ከታች
ጣራዋን በመጥረጊያ እንዳትደበድብ ስሠጋ።
ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ይራባል፤
እጅም የራበውን ሲያጎርስ፣ ያበዛል።
ስምንት ዓመት በሹክሹክታ የሠራሁት ድምፅ፣
ጩኽ ሲሉት ጊዜ፣ ጥርስ ሆነ ሁሉ ነገሩ።
ሽብልቁ አይደለም የዋሸው።
እኔ ነኝ፣ እዚህ ቤት ጮክ ብሎ የማያውቀው ሰው።

እሑድ ወረድኩና በሯን አንኳኳሁ።
«ጊታር?» አለች። «ጊታር ነው እንዴ? እኔስ
አይጥ ነበር የመሰለኝ፣ ግድግዳ የሚያኝክ፣ ሌሊት ሌሊት፤
መጥረጊያዬንም ያነሣሁት
ለእሱ ነበር። ወጥመድም አጥምጃለሁ፣ በቺዝ።
ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እኅቴ ዘንድ ነኝ፤
እንደፈለግህ ጩኽ።»

ሦስት ሰዓት። መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ
ጫፉን ቆረጥኩ፣ ጥርሱን አረገፍኩ፣ ታቹን አቀለልኩ፤
ከመቶውም ሰባቱን አስቀረሁ።

ቅዳሜ፣ ገመዱ ለኡቨ፤ ሽብልቁ ከእግሬ ሥር፣
ትንሽ ወደ ከበሮው ዞር።
ሄንሪከ በዱላዋ ቅልጥሟን አሳየችኝ፣ ራሷን ነቀነቀች።
ወይዘሮ ጌርሊንደ አልመጣችም፤ ምድር ቤት አትወድም።
ወጥመዱን ግን፣ ለማንኛውም ብላ፣
እስካሁን አላነሣችም።